ኢንስፔክተሩ ቡናዬን ለምን እምቢ አለ?

የወለል ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ ስለ ኦክ እንጨት፣ ሌላው ስለ ሴራሚክ ነው። ሁሉም ግን የሚያንገበግባቸው አንድ ነገር ነው፦ ወለሉን ሊያይ የመጣው ሰው የማን ወገን ነው?

ለማታውቁኝ፦ አዲስ አበባ ሳለሁ ሴራሚክ አነጥፍ ነበር። ሜሪላንድ ከመጣሁ በኋላ 14 ዓመት የእንጨት ወለል ሠራሁ። ጉልበቴ «በቃኝ» ሲለኝ ኮርስ ወስጄ፣ ተፈትኜ ኢንስፔክተር ሆንኩ። አሁንም የምውለው ተንበርክኬ ነው። ልዩነቱ በመዶሻ ፈንታ የእርጥበት መለኪያ መያዜ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉልን? የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ጁን ላይ የመጀመሪያውን ፎቅ በሙሉ ባለ 5 ኢንች ኦክ አስነጠፍን። ኦገስት ሳያልቅ እያንዳንዱ ጣውላ ጠርዝ ጠርዙ ተነስቶ መሃሉ ጎደጎደ። በካልሲ ስሄድ እግሬ ጣውላውን አንድ በአንድ ይቆጥረዋል። ሱቁ ለፋብሪካው አመለከተ፣ ፋብሪካው ኢንስፔክተር ላከ። ሰውየው ሐበሻ ሆኖ ሳገኘው ደስ ብሎኝ ቡና አፈላሁ። «አልጠጣም» አለኝ። ውኃ እንኳ አልቀመሰም። 45 ደቂቃ ወለሉን በመርፌ ሲወጋና ቁጥር ሲጽፍ ቆየ፣ ከቤቱ ሥር ወዳለው ባዶ ቦታም ተጎንብሶ ገባ። «ምንድን ነው ችግሩ?» ስለው «ሪፖርቱ ላይ ይወጣል» ብሎኝ ሄደ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሱቁ የሪፖርቱን ኮፒ ላከልኝ። «የማምረት ጉድለት አይደለም፣ የቦታው እርጥበት ነው» ይላል። ጣውላው ከላይ 11 ፐርሰንት፣ ከታች 13፣ ሥሩ ያለው ፕላይውድ 15 ይላል። የክፍሉ አየር 52 ፐርሰንት፣ ከቤቱ ሥር ያለው አየር 84። እኔ ቁጥር አይገባኝም። ቁርጡን ይንገሩኝ፦ ሰውየው ተገዝቷል ወይስ አልተገዛም?

— ስሜ ይቆይ

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ላረጋጋሽ። ያ ሰው እኔ አይደለሁም። እሱ ያደረገውን ግን እኔም አደርገዋለሁ።

ከቡናው ልጀምር፤ የከነከነሽ እሱ ይመስለኛል። ኢንስፔክተር በሆንኩ በመጀመሪያው ዓመት አንዲት እናት ቤት ሄድኩ። ዕጣን አጭሰው፣ ፈንዲሻ አቅርበው፣ ረከቦቱን ዘርግተው ጠበቁኝ። አነጋገራቸው ቁርጥ እናቴን ነው። አቦሉን ጠጣሁ፣ ቶናውን ጠጣሁ፣ «በረካውን ሳትጠጣማ አትነሳም» አሉኝና እሱንም ጠጣሁ። ከዚያ ተነስቼ ወለሉን ሳይ፣ ቫርኒሹ በየጣውላው ጠርዝ ነጥቷል፣ አንዳንድ ቦታ ተልጧል። የጓዳው በር ጀርባ በእንፋሎት የሚያጸዳ መወልወያ ቆሟል። «በሳምንት ሦስቴ አጸዳበታለሁ፣ ልጄ» አሉኝ በኩራት። የዚያ ወለል ዋራንቲ ደግሞ እንፋሎትን በግልጽ ይከለክላል።

ማታ ሪፖርቱን ስጽፍ እጄ ከበደኝ። «በእንፋሎት መወልወያ» ብሎ የሚጀምረውን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። በመጨረሻ «በአጠቃቀም ወይም በሌላ ምክንያት ሊሆን ይችላል» ብዬ ላክሁ። በማግስቱ ሥራውን ያዘዘኝ ሰው ደወለ። «ፎቶህ አንድ ነገር ይላል፣ ጽሑፍህ ሌላ ይላል። የቱን ልመን?» አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ደግሜ ጻፍኩት። ሦስት ስኒ ቡና ጉቦ ነው የሚል ሰው አላውቅም፤ እኔ ላይ ግን ሠርቷል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራ የገባሁበት ቤት ምንም አልቀምስም። ባለቤቶቹ ይቀየማሉ። አውቃለሁ፣ ለእኛ ሰው ከባድ ነው። እኔ «ጾም ላይ ነኝ» ብዬ መዋሸትም አልወድም፣ «ሥራው ሲያልቅ ሌላ ቀን ጥሩኝ» እላለሁ። እስካሁን የጠሩኝ ሁለት ቤቶች ብቻ ናቸው።

«ምንድን ነው ችግሩ?» ስትይው ዝም ማለቱም ከንቀት አይደለም። እዚያው ቆሞ ገና ቁጥሮቹን አላገጣጠመም። በሩ ላይ «እኔ እንደሚመስለኝ...» ብሎ የጣለው ቃል ሪፖርቱ ሳይወጣ ሱቁ ይደርሳል፣ ፋብሪካው ይደርሳል፣ «ኢንስፔክተሩ እኮ እንዲህ ብሏል» ይባላል። ሪፖርቱም ላዘዘው ነው የሚሰጠው። ሱቁ ኮፒ ስለላከልሽ አመስግኚው፤ ሁሉም አያደርገውም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። አዎ፣ የከፈለው ፋብሪካው ነው። ክፍያው ግን ቁርጥ ነው፤ ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን ያው ነው። የሪፖርቱ ውጤት ታይቶ የሚከፈል ከሆነ ሰውየው ኢንስፔክተር አይባልም። ይህን ካልኩ በኋላ አንድ ነገር አልደብቅሽም። ዘወትር ሥራ የሚልክልህ ድርጅት ላይ መጻፍ ይከብዳል። ማንም ወጪት ሰባሪ መባል አይወድም። ስለዚህ ሰውየውን ተዪውና ወረቀቱን ፈትሺ። ቁጥር የሌለው፣ የት እንደተለካ የማይናገር፣ ፎቶ የሌለው፣ «እርጥበት ነው» ብቻ የሚል ሪፖርት ሐሜት ነው። ያንቺ ግን ቁጥር አለው።

ቁጥሮቹን አብረን እናንብባቸው። ክፍሉ 70 ዲግሪ ፋራናይት ሆኖ የአየሩ እርጥበት 50 ፐርሰንት ሲሆን እንጨት ረግቶ የሚቀመጠው 9 ፐርሰንት አካባቢ ነው። ያንቺ ጣውላ ከላይ 11፣ ከታች 13፣ ሥሩ ያለው ፕላይውድ 15። ወደ ታች በወረድሽ ቁጥር ይረጥባል። ከቤቱ ሥር ያለው ባዶ ቦታ ደግሞ 84 ፐርሰንት፤ እሱ የእንፋሎት ቤት ነው። ውኃው ከታች እየመጣ ነው ማለት ነው። የጣውላው ሆድ ሲያብጥ ጀርባው አያብጥም፣ ጠርዞቹ ወደ ላይ ይነሳሉ። እግርሽ የሚቆጥረው ያን ነው። ፋብሪካ ጣውላውን አድርቆ ነው የሚያሽገው፤ ይኼ በፋብሪካ የሚመጣ በሽታ አይደለም። እውነቱን ፈልገሽ ከሆነ የጻፍሽልኝ፣ ሰውየው ልክ ነው። አልተገዛም።

ግን ተስፋ አትቁረጪ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። «የቦታው እርጥበት» ማለት «የባለቤቷ ጥፋት» ማለት አይደለም። ኢንስፔክተሩ የጻፈው ምክንያቱን ነው። ማን ይክፈል የሚለው ገና አልተነሳም። ከ1985 ጀምሮ ያለው የአሜሪካ የእንጨት ወለል ብሔራዊ ማኅበር ለአንጣፊዎች ያወጣው መመሪያ አለ። 3 ኢንችና ከዚያ በላይ ስፋት ያለው ጣውላ ሲነጠፍ በጣውላውና በሥሩ ባለው ፕላይውድ መካከል ያለው የእርጥበት ልዩነት ከ2 ፐርሰንት መብለጥ የለበትም። ከ3 ኢንች ለሚጠበው 4 ይፈቀዳል። ያንቺ 5 ኢንች ነው። ለ1,000 ስኩዌር ፊት 40 ጣውላ ይለካል። ከቤቱ ሥር አፈር ካለም መሬቱ ሙሉ በሙሉ ቢያንስ 6 ሚል (ሚል የኢንች አንድ ሺህኛ ነው) ውፍረት ባለው ፕላስቲክ መሸፈን አለበት። ይህን ሁሉ ማየት ያለበት ሚስማር ከመምታቱ በፊት አንጣፊው ነው።

ስለዚህ ዛሬውኑ ለሱቁ በኢሜይል ጻፊ፦ «ከመነጠፉ በፊት ጣውላው ስንት ነበር? ፕላይውዱ ስንት ነበር? ማን ለካው? በስንት ቀን?» ወረቀት ካላቸውና ቁጥሩ ጤነኛ ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ የተፈጠረ ነገር ፈልጊ። ቧንቧ ፈስሶ፣ ዝናብ ገብቶ ወይም ኤሲው ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ወረቀት ከሌላቸው ክርክርሽ ከፋብሪካው ጋር መሆኑ ቀርቶ ከአንጣፊው ጋር ነው። ሜሪላንድ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ኮንትራክተር ከስቴቱ የቤት ማሻሻያ ኮሚሽን ላይሰንስ ሊኖረው ይገባል። ኮሚሽኑ አቤቱታ ይቀበላል፣ የተጎዱ ባለቤቶችን የሚክስ ፈንድም አለው። ፈንዱ የሚሠራው ግን ኮንትራክተሩ ላይሰንስ ካለው ብቻ ነው። ውልሽ ላይ ቁጥሩ ካለ አሁን እዪው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ሱቁ «መጥተን እንላገውና ይስተካከላል» ካለሽ እሺ አትበይ። አሁን የተነሳውን ጠርዝ ቢልጉት፣ ወለሉ ሲደርቅ ጠርዙ ይወርድና መሃሉ እንደ ግመል ጀርባ ይጎብጣል። መጀመሪያ ውኃው ይቁም፣ ከዚያ ወለሉ ይድረቅ፣ ከዚያ ይለካ። ወራት ይወስዳል። አንዳንዴ ግማሹ በራሱ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ከአሌክሳንድሪያ ነኝ። ዘንድሮ የእንጨት ወለል ኢንስፔክተርነት ሰርተፊኬት አገኘሁ። የወለል ሱቅ ያለው አንድ የማኅበራችን አባል «ቅሬታ የመጣበትን ሥራ ሁሉ ላንተ እሰጥሃለሁ። ብቻ ሪፖርቱን ከመላክህ በፊት አሳየኝ። ጥገና ካስፈለገም አንተው ትሠራዋለህ» አለኝ። ጀማሪ ነኝ፣ የቤት ኪራይም አለብኝ። ምን ልበለው?

— ጀማሪው

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኪራዩን አውቀዋለሁ። እኔም ከፍዬዋለሁ።

ሰውየው ያቀረበልህ ሦስት ነገር ነው፤ አንዱ ደህና ነው። ከሱቅ ሥራ መቀበል ነውር የለውም። ሁለተኛው አይሆንም። ሪፖርቱን አስቀድሞ ማሳየት ማለት ዋጋ መጠየቅ ማለት ነው። አድራሻ ወይም ስፋት ተሳስተህ ከጻፍክ ከላክህ በኋላ ይነግርሃል፣ አርመህ ቀኑን ጽፈህ ድጋሚ ትልካለህ፣ የመጀመሪያውም ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ሦስተኛው ከሁሉም ይብሳል። «ወለሉ ይነሳ» ብሎ የጻፈው እጅ ማግስቱን የ8,000 ዶላር ዋጋ ይዞ ከመጣ፣ ወለሉ የእውነት መነሳት የነበረበት ቢሆን እንኳ ማን ያምንሃል? የመረመርከውን አትጠግንም። ያነጠፍከውንም አትመረምርም።

ማኅበር አብራችሁ መሆናችሁን ደግሞ አትደብቅ። የእኛ ሰው እዚህ አገር ቁጥሩ ትንሽ ነው። እድሩ አንድ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አንድ፣ ሠርጉ አንድ። ከሰው ሳትተዋወቅ መሥራት አትችልም። እኔ የማውቀው ሰው ሲሆን ሪፖርቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ «ባለቤቱን በማኅበር አውቀዋለሁ» ብዬ እጽፋለሁ። ላዘዘኝም ሥራውን ሳልቀበል በፊት እነግረዋለሁ። ዘመድ ወይም ጓደኛ ከሆነ ለሌላ ኢንስፔክተር አሳልፌ እሰጣለሁ። ገንዘቡ ያመልጠኛል፣ እውነት ነው።

ስለ ቃላት ትንሽ ልጨምር፤ ጀማሪ ስለሆንክ። የመጀመሪያ የልምምድ ሪፖርቴ ላይ «ጥራት የጎደለው አነጣጠፍ» ብዬ ጽፌ ነበር። መምህሬ በቀይ ሰረዘውና «ስንት?» ብሎ ጻፈበት። ሌላ ምንም አላለም። ደግሜ ሄጄ ለካሁ። «ከመስኮቱ እስከ ምድጃው ባለው 12 ፊት ውስጥ በ9 ቦታ ክፍተት አለ፣ ትልቁ 1/16 ኢንች ነው» ብዬ መለስኩለት። ይህን ማንም መጥቶ ሊለካውና «ተሳስተሃል» ሊለኝ ይችላል። «ጥራት የጎደለው» የሚለውን ግን ምኑን ይለካዋል? ደግሞም የፊተኛው አነጋገር የአንድ አንጣፊ እንጀራ ላይ የተጣለ ስድብ ነው።

ወለሉን ቆመህ እይ። ደንቡ ቆሞ፣ በተለመደው ብርሃን ነው የሚለው። ተንበርክከህ ባትሪ ከጎን ካበራህበት እንከን የሌለው ወለል በምድር ላይ የለም። ተንበርክከህ የምታየው ቆመህ ላየኸው ነገር ምክንያት ስትፈልግ ነው። ወጥ ቤቱ ሴራሚክ ከሆነም «እግረ መንገዴን» ብለህ አትፍረድ። ሰርተፊኬትህ የእንጨት ነው።

ለሰውየው ምን ትለዋለህ? «ሥራውን እቀበላለሁ፣ የቀረውን አልችልም» በለው። ይቀየምሃል። ሥራ ላይሰጥህም ይችላል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ የምሠራው ዱባይ ነው። አዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ አፓርታማ ገዝቼ በሚቀጥለው ወር እንረከባለን። ወለሉ ሴራሚክ ነው። ሻጮቹ «የእኛ ኢንጂነር ፈትሾ አጽድቆታል» ይላሉ። ወንድሜ ሄዶ ያይልኛል፣ ግን እሱ ሹፌር ነው፣ ስለ ግንባታ አያውቅም። ምን ይዞ ይሂድ?

— የሩቋ

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ኢንጂነሩ ጨዋ ሰው ሊሆን ይችላል። ደመወዙን የሚከፍለው ግን ሻጩ ነው፤ «አጽድቋል» ማለታቸውን በዚያ ሚዛን ተቀበይው። አቅምሽ ከፈቀደ ከሻጩ ጋር ምንም ጉዳይ የሌለው መሐንዲስ ለግማሽ ቀን ይከፈለው። ካልሆነ ሹፌር ወንድምሽ ይበቃል። ሞተር ሲያንኳኳ የሚሰማ ጆሮ አለው አይደል?

የ1 ብር ሳንቲም፣ ፕላስተር፣ ውኃ ልክ፣ 2 ሜትር ቀጥ ያለ የአልሙኒየም ዘንግ፣ የኤቲኤም ካርድና ባልዲ ይዞ ይሂድ። በሳንቲሙ እያንዳንዱን ሴራሚክ አራቱን ማዕዘንና መሃሉን ያንኳኳ። ሥሩ በደንብ የተያዘ ሴራሚክ ድምፁ አጭርና ደረቅ ነው። ባዶው እንደ ከበሮ ይመልሳል። እኔም በወጣትነቴ ሠርቼዋለሁ፣ አልዋሽሽም፦ አምስት ቦታ ጥፍጥፍ ይደረግና ሴራሚኩ ላዩ ላይ ይጫናል። ያፈጥናል፣ ማጣበቂያም ይቆጥባል። መሃሉ ግን አየር ነው፤ የቁም ሳጥን እግር ሲያርፍበት ይሰነጠቃል። እዚህ አሜሪካ የምንሠራበት ደንብ በደረቅ ክፍል ቢያንስ የሴራሚኩን ጀርባ 80 ፐርሰንት፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ 95 ፐርሰንት ማጣበቂያ እንዲይዝ ያዛል። ድምፁ ባዶ በሆነው ላይ ፕላስተር ይለጥፍ። አንድ ሁለት ከሆነ ይጻፍ። ረድፍ ሙሉ ከሆነ አንዱን አንስተው እንዲያሳዩት ይጠይቅ።

ካርዱ ደግሞ እንዲህ ነው። ሁለት ሴራሚክ ሲገናኙ አንዱ ከፍ ካለ፣ ካርዱን ዝቅ ባለው ላይ አጋድሞ ወደ ጠርዙ ያስጠጋ። የባንክ ካርድ ውፍረት ከ1/32 ኢንች ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። መገጣጠሚያው ጠባብ ከሆነ የሚፈቀደው ልዩነት ያ ነው፤ ሴራሚኩ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ትንሽ ጉብጠት ሲጨመርበት። ጠርዙ ከካርዱ በላይ በግልጽ ካለፈ ይመዝገብ። በዘንጉ የሳሎኑን ለጥ ማለት ያይበት። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ አንድ ባልዲ ውኃ ያፍስስና ወደ መውረጃው መሄዱን ቆሞ ይጠብቅ። ወደ በሩ የሚሄድ ውኃ ካለ ከመረከብሽ በፊት ነው መነጋገር።

ሁሉም በርክክቡ ሰነድ ላይ ይጻፍ፣ ከዚያ ይፈረም። አጻጻፉም «ወለሉ ያስጠላል» አይሁን። «ሳሎን፣ ከበረንዳው በር 3ኛ ረድፍ፣ 4ኛው ሴራሚክ፣ ባዶ ድምፅ» ይሁን። ከኢንጂነሩ ጋርም እልህ አይጋባ። ሳንቲሙን ይስጠውና እሱም ያንኳኳ።

ጥያቄ፦ የተከበሩ ጋሼ፣ ኦክ ወለሌ ላይ የወጣውን ጥቁር ነጥብ ፎቶ ልኬልዎታለሁ። ከመስኮቱ ሥር ነው። አንጣፊው ላይ ልክሰስ?

— አዛውንቱ፣ ከአትላንታ

መልስ፦ አባቴ፣ ከፎቶ አልፈርድም። ኦክ ውስጥ ያለው ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ከብረትና ከውኃ ጋር ሲገናኝ እንዲህ ይጠቁራል። የአበባ ማሰሮ ሥር የሰረገ ውኃም እንዲህ ያደርጋል። የመስኮት ዝናብም ሊሆን ይችላል። ካሜራ ደግሞ አያሸትም። ስለዚህ ጠበቃ ዘንድ ከመሄድዎ በፊት ጎንበስ ብለው አንድ ጊዜ ያሽትቱትና ይጻፉልኝ። ቤትዎ ድመት አለ?